ከቤት ውሎ የእምነት ትምህርት እንዴት ይገኛል?

ልጅን እምነት ለማስተማር የግድ ሰዓት መድቦ ቁጭ ማለት አያስፈልግም። ዘዳግም 6 ቃሉን ለልጆችህ አስተምር ሲል ጊዜውንም ቦታውንም አብሮ ይነግረናል፦ ቤት ስትቀመጥ፣ መንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ። ጌታችን ኢየሱስም ብዙ ምሳሌ ያነሣው ከቤት ነው። መብራት፣ ጨው፣ የተጣፈ ልብስ፣ እርሾ። በሉቃስ 11 ደግሞ ወዳጁ በእኩለ ሌሊት ሦስት እንጀራ ሊበደር ሲመጣ «ልጆቼ ከእኔ ጋር በአልጋ ላይ አሉ» የሚል አባት አለ። በአንዲት ክፍል ከነወንድም እህቱ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አይፈልግም።

መጀመሪያ፣ ሁልጊዜ የምትሠሩትን አንድ ሥራ ምረጡ። አዲስ ፕሮግራም አትጨምሩ፤ አዲስ ፕሮግራም ሳምንት አይቆይም። እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ እሱ ራሱ በቂ ነው።

ቀጥሎ ልጁ በዓይኑ እንዲያይ አድርጉ። ጤፉ ተቦክቶ እርሾ ሲገባበት ጠርታችሁ አሳዩት። ከዚያ ይከደናል፣ ማንም አይነካውም። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ክዳኑን ራሱ ያንሣው። ውሃው ከላይ ጠሏል፣ ሽታው ተለውጧል። አብሲት ሲገባበት ደግሞ ኩፍ ይላል። «እርሾው የት ገባ?» በሉት። ይፈልገዋል፣ አያገኘውም።

አሁን ማቴዎስ 13፥33ን አንብቡለት። አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ መንግሥተ ሰማያት ሴት ወስዳ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት የሸሸገችውን እርሾ ትመስላለች ይላል። ሦስት መስፈሪያ ለብዙ ሰው የሚበቃ ዱቄት ነው፤ እርሾው ግን ትንሽ ነው፣ ሥራውንም የሚሠራው ተደብቆ ነው። «እግዚአብሔርስ ሳናየው ምን የሚሠራ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁትና ዝም በሉ። መልሱን አትረሙ፣ አታሳጥሩት፣ አታስረዝሙት። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ልጁ ማሰብ ሲጀምር እኛ ስብከት እንጀምራለን።

ነገር ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ደብተር ወይም ቁልፍ ጠፍቶ ቤቱ ሲታመስ «የት ጣልከው!» ማለት ይቀናናል። ይልቅ አብራችሁ ፈልጉ። ሲገኝ ከልባችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ከዚያ በሉቃስ 15 ከአሥር ድሪም (የጥንት የብር ገንዘብ) አንዱ ስለጠፋባት፣ መብራት አብርታ ቤቷን ስለጠረገች፣ ስታገኘውም ጎረቤቶቿን ስለጠራች ሴት ንገሩት። ስለ አንድ ኃጢአተኛ መመለስ በሰማይ ያለውን ደስታ በዚያች ሰዓት ይገባዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ጠብ ነው። ባልና ሚስት ልጆች ፊት ይጣላሉ፣ የሚታረቁት ግን በር ዘግተው ነው። ስለዚህ ልጆቹ ጠቡን ያያሉ፣ እርቁን አያዩም። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለው ቃል (ኤፌሶን 4፥26) በእነሱ ፊት ይፈጸም። ሳይመሽ፣ በአጭሩ፣ «ጠዋት የተናገርኩሽ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ» ማለት ይበቃል። ለልጁም እንደዚሁ። ያለ ጥፋቱ ጮኻችሁበት ከሆነ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» በሉት። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ከጠየቀ ይናቃል የሚሉ አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ልጅ ይቅርታን የሚያውቀው ሲጠየቅና ሲደረግለት ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

አንድ ነገር አደራ፦ ጥቅስ ዱላ አይሁን። «ልጆች ሆይ፥ ለወላጆቻችሁ ታዘዙ» የሚለውን (ኤፌሶን 6፥1) ሁላችንም በቃላችን እንይዘዋለን። ከዚያው ምዕራፍ ትንሽ ወረድ ብሎ አባቶችን «ልጆቻችሁን አታስቁጡአቸው» የሚለውን ግን ስንቶቻችን እንጠቅሰዋለን? ልጁ መጽሐፍ ቅዱስ የሚሰማው ሲቀጣ ብቻ ከሆነ፣ ካደገ በኋላ መጽሐፉን ባየ ቁጥር ትዝ የሚለው ቅጣቱ ነው። ደግሞ የተሰበረ ብርጭቆ ሁሉ ትምህርት ካልወጣለት አይባልም። አንዳንዱን ጠርጎ ማለፍ ነው።

በመጨረሻ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሁላችሁም ተራ በተራ «ዛሬ እግዚአብሔርን በምን ላመስግን?» በሉ። ትንሹ «ኳስ ስለተጫወትኩ» ካለ በጸሎታችሁ ኳሱን ጥሩለት፤ ወደ ቁም ነገር ልቀይርለት አትበሉ። ምንም አልመጣልኝም ካለም አታስጨንቁት። የራሳችሁን ነግራችሁት፣ አቡነ ዘበሰማያት ወይም አባታችን ሆይ አብራችሁ ብላችሁ ተኙ።