ሕፃን ፀሐይ ስናሞቅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አዲስ አበባ ፀሐይ አጥታ አታውቅም። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ለምድር ወገብም ቀርባ፣ እንዲያም ሆኖ ሪኬትስ፣ ማለትም ቫይታሚን ዲ ሲያንስ የልጅ አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ፣ ልጆቿን ይይዛል። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ እዚሁ ከተማ የተሠራ ጥናት ነበር። ሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ልጆች 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ልጆች ግን የነበረባቸው 20 ብቻ ናቸው። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ልጁ እንደልቡ መተንፈስም ያቅተዋል። ስለዚህ ነገሩ የእግር መንጋደድ ብቻ አይደለም። እንደኔ እንደኔ ጣጣው ያለው ፀሐይዋና የልጁ ቆዳ መሀል በምናስገባው ነገር ላይ ነው።

በመስታወት በኩል ማሞቅ

ኮንዶሚኒየም የለመድነው ስህተት ነው። አልጋው መስኮት ሥር ይጠጋል፣ ልጁ ይሞቀዋል፣ ጉንጩ ይቀላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ግን አልትራቫዮሌት ቢ በሚባለው ጨረር ነው፤ እሱን ደግሞ መስታወት ያስቀረዋል። የሚገባው ብርሃንና ሙቀት ነው። መስኮቱን ክፈቱት፣ ወይም በረንዳ ላይ ነፋስ የማይመታው ጥግ ፈልጉ።

ጠቅልሎ ማውጣት

ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሹራብ፣ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ጋቢ። ልጁ ግማሽ ሰዓት ውጭ ይቆያል፤ ፀሐይ ያገኘው ግን አፍንጫውና ጉንጩ ብቻ ነው። እናትየው ገላልጣ ልታሞቀው ስትል አያት ከቤት ውስጥ «ኧረ ምች ይመታዋል!» ይላሉ። ምች ቢቀር ብርድ አለ፣ ብርድ ቢቀር የሰው ዓይን። እስከ ክርስትናው ድረስ ጭራሽ ከቤት የማይወጣም አለ፤ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ማለት ነው። የአያቶችን ስጋት መናቅ አያስፈልግም፣ ግቢ ውስጥ ሰው የማይበዛበት ቦታ ይበቃል። ዓይኑን ከልሉለት፤ እጅ፣ እግር፣ ሆድና ጀርባው ግን ይገለጥ። በጥቂት ደቂቃ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ 20 እና 30 ደቂቃ አድርሱት። ጠቆር ያለ ቆዳ ጨረሩን ስለሚያስቀር ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። አልቢኒዝም (ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም በተፈጥሮ ማነስ) ያለበትን ልጅ ግን ይህ ምክር አይመለከተውም፣ ለእሱ የሐኪም ምክር ይቅደም።

ለጋ ፀሐይ ወይም የቀትር ፀሐይ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያለችው ለጋ ፀሐይ ደስ ትላለች እንጂ አትጠቅምም ማለት ይቻላል። ጨረሩ በአየር ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚመጣ የሚፈለገው ክፍል በየመንገዱ ይቀራል። የቀትሩ ደግሞ ለሕፃን ቆዳ ይከብዳል። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚመከረው ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ምርጫ ካላችሁ ወደ 3 ሰዓት ጠጋ በሉ።

ቅቤ ወይም ቅባት ቀብቶ ማስጣት

ቅባቱ ቫይታሚን አይጨምርም። ገላውን ካጠባችሁት በኋላ ቀቡት።

ቢጫ የሆነን አራስ በፀሐይ ለማዳን መሞከር

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። አራስ ልጅ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሲሆን «ፀሐይ ሲሞቅ ይለቀዋል» እየተባለ ቀናት ያልፋሉ። ሆስፒታል የሚሰጠው የብርሃን ሕክምና ልኩ የታወቀ ሰማያዊ ብርሃን ነው፣ ደሙም እየተለካ ነው የሚሰጠው። ቢጫነቱ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከታየ፣ ወይም ልጁ መጥባት ካቆመና ከፈዘዘ፣ ያኑ ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ፤ አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል።

«ጡት ይበቃዋል» ማለት

እስከ 6 ወሩ ጡት ለሌላው ሁሉ ይበቃል ማለት ይቻላል፤ ቫይታሚን ዲ ግን በእናት ወተት ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ሕፃን በቀን 400 ዩኒት ያስፈልገዋል። ጡቱን እያጠባችሁ ፀሐይ ወይም የቫይታሚን ዲ ጠብታ ጨምሩ። ስቶክሆልምና ሚኒያፖሊስ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ በበረዶው ወራት ፀሐይዋ ብትወጣም ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ቆዳ ቫይታሚን ዲ አይሠራም ማለት ይቻላል፣ ጠብታው ግድ ነው።

ጠብታውን በግምት መስጠት

የእጅ አንጓው ካበጠ፣ እግሩ ከተንጋደደ፣ መሄድ ከዘገየ፣ እርግብግቢቱ በጊዜዋ ካልገጠመች ጤና ጣቢያ ይታይ እንጂ በራሳችሁ መጠን አትጨምሩ። የሚበዛ ቫይታሚን ዲ ደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ ያደርጋል፤ ማስመለስና ድርቀት ያመጣል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ጠርሙሶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ 400 ዩኒቱን በአንድ ጠብታ ይሰጣል፣ ሌላው በ1 ሚሊ ሊትር። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ልክ ያጠጣች እናት ከ20 እጥፍ በላይ ሰጥታለች ማለት ነው። ስትገዙ ፋርማሲስቱን «ስንት ጠብታ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጠርሙሱም ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍላችሁ፤ ልጁን የምትይዘው ሞግዚትም እንድታየው።