የሆሆካምን ባለቀለም ሸክላ ዘመን ለመለየት፦ ከሥዕሉ በፊት ጭቃውን ይመርምሩ

በዛሬዋ አሪዞና ደቡባዊ ክፍል፣ በሶልትና በሂላ ወንዞች ዳርቻ ረጃጅም የመስኖ ቦዮችን ቆፍረው በረሃውን ያለሙት ሆሆካሞች፣ ገለባ በሚመስል ፈዛዛ ገጽ ላይ በቀይ የተሣሉ የሸክላ ዕቃዎችን ትተው አልፈዋል። በሙዚየም ውስጥ እነዚህን ዕቃዎች የሚያይ ሰው ዓይኑ ወዲያው ወደ ሥዕሉ ይሳባል፤ ይሁን እንጂ የሥዕል ስልት ከጎረቤት ሊወሰድ ስለሚችል ምርመራው ከጭቃው ቢጀምር የተሻለ ነው።

በመጀመሪያ የገሉን የተሰበረ ጠርዝ ብርሃን ላይ ይዩት። ሠሪዎቹ ሚካ የተባለ የሚያብረቀርቅ ማዕድን ያለበትን ድንጋይ ሰባብረው ከጭቃው ጋር ይቀላቅሉ ስለነበር፣ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይታያሉ። ቀጥሎ ውስጡን ይመልከቱ። ግድግዳው የሚሳሳው በአንድ እጅ ከውስጥ ድንጋይ ደግፎ፣ በሌላው እጅ ከውጭ በጠፍጣፋ እንጨት በመምታት ስለነበር፣ በተለይ አፈ ጠባብ በሆኑ ማሰሮዎች ውስጥ የድንጋዩ ጎድጎድ ያለ አሻራ ይቀራል። በሰሜን ይኖሩ የነበሩት የፑዌብሎ ሕዝቦች አባቶች ግን የተደራረበውን የጭቃ ጥቅል በመፋቅ ያሳሱ ስለነበር፣ ይህ አሻራ ሁለቱን ወጎች ለመለየት ከማንኛውም ጌጥ ይልቅ ይረዳል።

ወደ ሥዕሉ የሚኬደው ከዚህ በኋላ ነው። ቀዩ ቀለም ሄማታይት ከተባለው ብረት አዘል ማዕድን የተገኘ ነው። በጥንታዊዎቹ ዕቃዎች ላይ ቀዩ መስመር በግራጫ ገጽ ላይ ያርፋል፤ በአንዳንዶቹም ውጫዊ ገጽ ላይ የተጫሩ መስመሮች አሉ፤ ይህ ጭረት ከሳንታ ክሩዝ በፊት እስከነበረው የሂላ ቢውት ዓይነት ድረስ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. ከ850 እስከ 950 ገደማ የሚመደበው የሳንታ ክሩዝ ዓይነት እጅግ ያማረ ነው፦ ወፎች፣ እንሽላሊቶች፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ጨፋሪዎችና ሸክም የተሸከሙ ሰዎች በፈጣን የብሩሽ ምት ተሥለው በረድፍ ይደጋገማሉ። በእርግጥም አንዷን ወፍ ለብቻዋ ከመመርመር ይልቅ ዕቃውን ራቅ ብሎ ማየት ይበጃል፤ የረድፉ እንቅስቃሴ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነውና። ከ950 እስከ 1150 ገደማ በቆየው የሳካቶን ዓይነት ደግሞ ሽመና የሚመስሉ ጌጦችና ከታች በኩል ሹል ትከሻ ያላቸው ትልልቅ ማሰሮዎች ይበዛሉ። ከ1300 አካባቢ ወዲህ የሚመጣው ባለ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ሸክላ ሳላዶ የተባለ ሌላ የሸክላ ስልት ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይደባለቅ።

የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ኤሚል ሆሪ ስኔክታውን በተባለው የሆሆካም ሰፈር በ1934 እና 1935፣ ኋላም በ1964 እና 1965 በተደረጉት ቁፋሮዎች ላይ ተመሥርቶ ያጠናከረው ቅደም ተከተል ዛሬም ያገለግላል፤ ዓመታቱ ግን ሲከለሱ ስለኖሩ «ገደማ» የሚለውን ቃል አይተዉ።

ሜዳ ላይ ገል ካገኙ አያንሡት፤ ባለበት ፎቶ ያንሡ። በፌዴራልና በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ማንሣትን እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአሜሪካ የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ይከለክላል፤ ከቦታው የተነሣ ገልም ከየትኛው ቤት ወይም ጉድጓድ እንደወጣ የሚናገረው ነገር አይኖርም። በአካባቢው ለሚኖረው ነባር የኦኦዳም ሕዝብም ይህ ሁሁጋም ብለው የሚጠሯቸው የአባቶቻቸው ሥራ ነው።

ማስታወሻ ሲይዙ ሚካውን፣ የውስጡን አሻራ፣ የገጹን ቀለም፣ ቅርጹን፣ በመጨረሻም ሥዕሉን ይመዝግቡ። ገሉ አፉንም ትከሻውንም ለማሳየት ካነሰና ሥዕሉም ካልተለየ፣ «ቀይ በገለባማ፣ ዓይነቱ ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ትክክለኛ ምዝገባ ነው።