ሦስት ጉልቻ፦ በመጦሪያ ቤት አረጋውያንን ማወዳጀት

ይህን የምንጽፈው ጎንደር ውስጥ አረጋውያንን ለምትንከባከቡ ነው። መነሻችን ወንፈል ነው። ገበሬ ዛሬ የጎረቤቱን ማሳ የሚያርመው ነገ የእርሱም ስለሚታረምለት ነው፤ ተረዳ ተብሎ የሚያፍር የለም። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ የሆነ ሽማግሌ ግን የሚመልሰው ስለሚያጣ ውሎ አድሮ ጓደኛውን ይሸሻል። ስለዚህ “ምን ይቸግርዎታል?” ከማለታችሁ በፊት “ምን ይሆንልዎታል?” ብላችሁ ጠይቁ። ዓይናቸው የደከመ እናት ጥጥ ይፈትላሉ፤ ከአልጋ የማይወርዱ አባት ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ። አጠራራቸውንም ጠይቁ። ዕድሜ ልካቸውን አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ “አባባ” ብቻ ሲባሉ ይከፋቸዋል፤ ሐጂም እንዲሁ።

ከዚያ ሦስት ሦስት አድርጓቸው። ሁለት ከሆኑ አንዱ ሆስፒታል የገባ ዕለት ሌላው ብቻውን ይቀራል፤ ድስትም በሁለት ጉልቻ አይቆምም። አንዱ ዓይኑ የሚያይ፣ አንዱ እግሩ የጠና፣ አንዱ ደግሞ ሰዓት የማይረሳ ቢሆን መልካም ነው። ጆሯቸው የከበደ ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ አትመድቡ። በደህናው ጆሮ በኩል፣ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ባለበት ተቀምጦ ረጋ ብሎ መናገር ይበቃል፤ ጩኸት ቃሉን ያደበላልቃል።

ወዳጅነቱ የሚጸናው ቡና ላይ ነው። የወር ማኅበር ቢኖር ደስ ይላል፤ ግን ጠበል ጸዲቁ አዲስ ዓለም ሰፈር ተወልደው ያደጉትን ሙስሊሞች ይተዋል፣ ቡና ግን ሁሉንም ያስቀምጣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ አፍሉ፤ አመሻሽ ላይ የተጠጣ እንቅልፍ ይነሣል። በጾም ወቅት ሰዓቱን ጿሚዎቹ ይወስኑ። ሥራው ይከፋፈል፦ አንዷ ትልቀም፣ አንዷ ትቁላ፣ አንዱ ይመርቅ። ጉልበቱ የታመመ ሰው ከዱካ ላይ መነሣት ስለማይችል መደገፊያ ያለው ወንበር ስጡት። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ስኒውን እስከ ግማሽ ብቻ ቅዱ። ደም ግፊት ያለበት በጨው አይጠጣ። የጎንደር ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ይበርዳል፤ ቢሆንም የከሰል ምድጃውን መኝታ ክፍል አታስገቡ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ተኝተው ሳሉ ይገድላል።

የመረዳዳቱን ልክ ደግሞ አሳዩአቸው። ዓይነ ስውሩን ከኋላ መግፋት አይገባም፤ እርሱ የጓደኛውን ክርን ይዞ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ይከተል። ከአልጋ የሚነሣ ሰው አንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ይቆይ፤ በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲቆም ያዞረዋል። የወደቀውን እጁን ስበው አያንሡት። እግሩ ያጠረ ወይም ወደ ውጭ የዞረ ከመሰለ የዳሌ ስብራት ሊሆን ስለሚችል፣ ጋቢ አልብሰው ሳያንቀሳቅሱ ነርስ ይጥሩ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መድኃኒት ላይ ነው፤ “እኔን አሽሎኛል” ብሎ የራስን ኪኒን ማካፈል ከፍቅር የመጣ ቢሆንም አደገኛ ነው። ጓደኛ ሰዓቱን ያስታውስ፣ ኪኒኑን ግን ነርስ ትስጥ። ብር መበዳደርንም ከመጀመሪያው ከልክሉ፤ በ50 ብር የተቋረጠ ሰላምታ ለማስታረቅ ወር ይፈጃል።

በጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ ግፊያ አትውሰዷቸው። ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከሚያልፉበት መንገድ ዳር ወንበር ይዛችሁ ቀድማችሁ ተቀመጡ።

ከሦስቱ አንዱ ሲያርፍ ሁለቱ መርዶውን ከማንም በፊት ይስሙ። አስከሬኑን በሌሊት ደብቆ ማውጣት የቀሩትን “እኔንም እንዲህ ሊያደርጉኝ ነው” ያሰኛል። ለቅሶ ይቀመጡ፣ ንፍሮ ይቀቀል። አልጋው ቢቻል እስከ አርባው ባዶ ይቆይ። ቦታ ጠቦ ግድ ከሆነ፣ አዲሱ ሰው መጀመሪያ ቡናው ላይ ይምጣ፤ ሁለቱ ራሳቸው ስኒ ያቀብሉት፣ አልጋውንም እነርሱ ያሳዩት።