ኦስሎ ላይ ጫካ መግባት

በአገራችን አንድ ሰው «ጫካ ገባ» ከተባለ ወይ መሣሪያ አንስቷል፣ ወይ ሸሽቷል ማለት ነው። ኖርዌይ፣ ኦስሎ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንዲት ባልደረባዬ «እሑድ ጫካ እንሂድ» ስትለኝ እሺ ያልኩት ከይሉኝታ ብቻ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የምጫማውን ጫማ አድርጌ፣ ጃንጥላ ይዤ ባቡር ጣቢያ ተገኘሁ። ወዴት እንደምንሄድ ብጠይቃት «የትም፤ ዝም ብለን እንሄዳለን» አለችኝ። ሁለት ሰዓት ያህል በዛፍ መካከል ከሄድን በኋላ አንድ የወደቀ ግንድ አገኘን። ከቦርሳዋ ሁለት ትንንሽ የስፖንጅ መቀመጫዎች አወጣች፤ አንዱን ያመጣችው ለእኔ ነበር። ከቴርሞሷ ቡና ቀዳችልኝ፤ በቢሮ ሁለት ወር ሙሉ ከ«ደህና አደርክ» ያላለፈችው ሴትዮ ስለ እናቷ ሕመም የነገረችኝ እዚያ ግንድ ላይ ነው።

አዲስ ለመጣችሁ ሁሉ የምለው ከዚያ ቀን የተማርኩትን ነው። እዚህ አገር ሰው ቤቱ ቡና እስኪጠራችሁ ብትጠብቁ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ቡናው የሚጠጣው ውጪ ነው። «ቱር» ይሉታል፤ መነሻው ቤት፣ መድረሻው ቤት የሆነ ጉዞ። በአውቶቡስ አጠገባችሁ ባዶ ወንበር እያለ ቆሞ መሄድ የሚመርጠው ሰው፣ ጫካ ውስጥ ሲያልፋችሁ ፈገግ ብሎ «ሄይ» ይላል። እናንተም «ሄይ» በሉ። ከተማ ሲመለስ እንደማያውቃችሁ ቢያልፍ አትቀየሙት፤ ሰላምታው የጫካው ነው።

መነሻ የሚሆን ቦታ ምረጥ ብትሉኝ ሶግንስቫን ነው የምላችሁ። «ቲ-ባነ» የሚሉት የከተማው ባቡር የመጨረሻ ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ ጥቂት እርምጃ እንደሄዳችሁ ሐይቁ ፊታችሁ ነው። ዙሪያው 3.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ የሕፃን ጋሪ ያለ ችግር ይሄድበታል። አንድ ዙር ሞክሩትና እግራችሁ ከፈቀደ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ኡለቮልሴተር ውጡ። ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ ጫፉ ላይ ቡናና ዳቦ የሚሸጥበት አሮጌ የእርሻ ቤት አለ። የኦስሎን ጫካ ከማወቃችሁ በፊት ግን የዛፎቹን ቀለም ማንበብ ልመዱ፦ ግንድ ላይ የተቀባ ሰማያዊ ምልክት የእግር መንገድ ነው፣ ቀይ ደግሞ የክረምት የበረዶ ሸርተቴ («ስኪ») መንገድ። በረዶ ወርዶ የሸርተቴው መስመር በማሽን ከተሰመረ በኋላ በእግር አትርገጡት፤ ዝምተኛው ኖርዌጂያዊ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የምትሰሙት ያኔ ነው።

የማን መሬት ነው የሚል ጥያቄ ይመጣባችኋል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ዘበኛ ፍለጋ ዓይኔ ይዞር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው) የወጣ ሕግ «አለማንስሬተን» የሚሉትን የማንኛውም ሰው መብት አጽንቶታል፦ ጫካውና ተራራው የግል ቢሆንም እንኳ በእግር ማለፍ፣ ማረፍ፣ እንጆሪና እንጉዳይ መልቀም ትችላላችሁ። ከመኖሪያ ቤት 150 ሜትር ርቃችሁ ድንኳን ተክላችሁ እስከ ሁለት ሌሊት ማደርም ይፈቀዳል። የታረሰ ማሳና የሰው ግቢ ግን ከዚህ መብት ውጭ ናቸው። ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 በጫካና በጫካ አጠገብ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ከሰል አንድደን ሥጋ እንጥበስ የሚል ወዳጅ ካላችሁ በተፈቀደ ቦታ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው፣ ማሪዳልስቫነት የተባለው ውብ ሐይቅ የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ አይዋኙበትም። የምታዩት ውሃ ሁሉ የሚገቡበት አይደለም።

አሁን ወደ ልብሱ። «መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ» ይላሉ። መጀመሪያ ስትሰሙት ያስቃችኋል፤ በኅዳር ዝናብ በጂንስ ሱሪ ከወጣችሁ በኋላ ግን ሳቁ ያበቃል። እኛ የጥጥ ልጆች ነን፤ ጋቢው ጥጥ፣ ነጠላው ጥጥ፣ ካናቴራው ጥጥ። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይይዛል፤ አረፍ ስትሉ ጀርባችሁ ላይ እርጥብ ጨርቅ እንደተለጠፈ ይሆናል። ከቆዳችሁ ጋር የሚገናኘው ሱፍ ይሁን። ሱፍ ስል ለሠርግ የሚለበሰውን ሳይሆን ከበግ ጠጉር የተሠራውን ስስ የውስጥ ልብስ ነው። ከላዩ ሞቅ ያለ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይደረባል። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ እንዳለ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ «ረፍሌክስ» የሚሉትን አንጸባራቂ ጃኬታችሁ ላይ አንጠልጥሉ። መንገዱ መስታወት ሲሆን ደግሞ «ብሮደር» የሚባል፣ ጫማ ሥር የሚታሰር ሹል ብረት አለ። የአሮጊቶች ነው ብላችሁ አትናቁት። እኔ ንቄ ክንዴን በጀሶ አሳስሬ ከርሜአለሁ።

ይህን ሁሉ ለመግዛት ገንዘብ ከየት ይምጣ ካላችሁ «ቡኣ» የሚባል አገልግሎት አለ። የሸርተቴ ዕቃ፣ የበረዶ ጫማ፣ ድንኳን፣ የጀርባ ቦርሳ ያውሳል፤ በአብዛኛው ያለ ክፍያ። ለልጆች ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ለአዋቂም ይሰጣል። ወስዳችሁ፣ ተጠቅማችሁ፣ ጠርጋችሁ መመለስ ነው። ዕቃ ሳይሞክሩ መግዛት ኪሳራ ስለሆነ ገንዘብ ያለውም ሰው መጀመሪያ ከዚያ ቢዋስ ብልህ ነው።

ስለ ሸርተቴው አልዋሽም፤ በሜዳ ላይ የሚደረገው «ላንግረን» ከባድ ነው። የመጀመሪያ ቀን የወደቅሁትን ቁጥር ትቼዋለሁ፤ የአራት ዓመት ልጅ አጠገቤ ቆማ «ልርዳህ?» ያለችኝን ግን አልረሳውም። ስትዋሱ ቅባት የማይፈልገውን ዓይነት ጠይቁ፤ ሰም መቀባት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ በእሱ የተነሳ ሲከራከሩ የሚያረፍዱ ወንድማማቾች አይቻለሁ። «ይህ የእኛ ነገር አይደለም» ለሚል ሰው ደግሞ መልስ አለኝ። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በዚሁ ስፖርት ተወዳድሯል። ከሁሉ የሚገርመኝ አበበ ቢቂላ ነው። በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በ1971 እዚሁ ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር መጥቶ በበረዶ ላይ በተደረገ የ25 ኪሎ ሜትር የተንሸራታች ጋሪ ፉክክር አሸንፏል። የሮምን አስፋልት በባዶ እግሩ ያወቀ ሰው በረዶውንም አውቆት ነው የሄደው።

ሸርተቴው እስኪለመድ ተቀምጠው የሚንሸራተቱበት አለ። በ1 ቁጥር ባቡር እስከ መጨረሻው ፍሮግነርሴተረን ውጡ። እዚያ የሚከራይ «ኣኬ» የሚሉትን መቀመጫ ያለው መንሸራተቻ ይዛችሁ ኮርከትረከረን ወደሚባለው ቁልቁለት ግቡ፤ ትርጉሙ የጠርሙስ ቡሽ መክፈቻ ነው፣ ጥምዝምዙን ስታዩ ስሙ ይገባችኋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ፍሬኑ ተረከዛችሁ ነው፤ መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት መርገጥ እንጂ እላዩ ላይ ከደረሱ በኋላ አይሠራም። የራስ ቁር አድርጉ፣ ልጅ ከፊታችሁ አስቀምጡ፣ ከወደቃችሁ ቶሎ ከመንገዱ ውጡ፤ ከኋላ የሚመጣው ሊያቆም አይችልም። ታች ሚትስቱን ጣቢያ ባቡሩ ይጠብቃችኋል። ተሳፋሪው በሙሉ በረዶ ለብሶ፣ ኣኬውን ታቅፎ፣ ጉንጩ ቀልቶ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። በዚያ ባቡር ውስጥ ሰው ያወራል።

ከተማ መሐል መቅረት ለሚፈልግ በብሔራዊ ቴአትሩ አጠገብ ስፒከርሱፓ የሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ ጫማው ይከራያል። ቁልቁል የሚወርዱበት የተራራ ሸርተቴ ደግሞ ውድ ነው፤ ለኋላ አቆዩት።

በጋው ሌላ አገር ነው። በሰኔ ብርሃኑ አልመሽ ብሎ ልጆችን ማስተኛት ይቸግራል። ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት ከሚነሱት ጀልባዎች በአንዱ፣ በዚያው በአውቶቡስ ቲኬታችሁ፣ ወደ ደሴቶቹ መሻገር ይቻላል። ሆቨዶያ ላይ በ1147 የተመሠረተ የገዳም ፍርስራሽ አለ፤ የጣና ገዳማትን ለለመደ ሰው ደሴትና ገዳም እንግዳ አይሆኑበትም፣ እዚህ ግን መነኮሳቱ ቀርተው ድንጋዩ ብቻ ነው ያለው። ለመዋኘት ላንግኦየነ ይሻላል። ከተማው ውስጥ ደግሞ ሶሬንጋ የባሕር ውሃ መዋኛ አለው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። ብዙዎቻችን የደጋ ሰዎች ነን፤ ውሃ የምናውቀው በባልዲ ነው። ፊዮርዱ፣ ማለትም ወደ የብስ ዘልቆ የገባው ባሕር፣ ከዳር ሁለት እርምጃ ሳይርቅ ገደል ሊሆን ይችላል፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ነው። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ዋና ይማራሉ፤ እናንተም ተማሩ። ለአዋቂ ጀማሪዎች ኮርስ አለ፣ ለሴቶች ብቻ ሰዓት የሚለዩ መዋኛዎችም አሉ። አፍራችሁ ከዳር ቆማችሁ ልጅ አትጠብቁ፤ ዋና የማይችል ጠባቂ ሁለት አደጋ ነው። በክረምት የረጋ ሐይቅ ላይም እንዲሁ፦ ጥርት ያለ ጠንካራ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ካልወፈረ አይረገጥም።

ልጅ ያላችሁ የሰፈራችሁን «ኢድሬትስላግ» ማለትም የስፖርት ክለብ ቶሎ ፈልጉ። ክፍያው ከከበዳችሁ ለክለቡ በግልጽ ንገሩ። አንድ ነገር ግር ይላችኋል፦ ልጆች 11 ዓመት እስከሚሞላቸው ዓመት ድረስ የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣላቸውም። የእኛ ሰው «ታዲያ ማን አሸነፈ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ፤ ልጆቹ በሚገባ ያውቁታል፣ የማያውቀው ወረቀቱ ብቻ ነው። ወላጅ ደግሞ «ዱግናድ» አለበት። ደቦ ማለት ነው፤ ከዚህ የቀረበ ትርጉም የለም። ሜዳ መጥረግ፣ ሻይ ቤቱ ጋ መቆም፣ ሶፍት ለጎረቤት መሸጥ። እኔ ኬክ አምጣ ተብዬ ኬክ ስለማልችል ድፎ ዳቦ ጋግሬ ቆራርጬ አቀረብኩ፤ ጨዋታው ሳይጋመስ አለቀ። አሁን በስሜ ሳይሆን በዳቦው ነው የሚያውቁኝ።

ሯጭ ከሆናችሁ ሳንባችሁ እዚህ ይደሰታል፤ ከአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ባሕር ጠርዝ ላይ ናችሁ። በክረምት ቢስሌት ስታዲየም ከመቀመጫዎቹ ሥር የሚዞር መሮጫ አለው። ስታዲየሙን ግን በበጋው የአትሌቲክስ ውድድር ምሽት እዩት። መሠረት ደፋር በ2007 እዚያ 5,000 ሜትር በ14 ደቂቃ ከ16.63 ሴኮንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በዓመቱ ጥሩነሽ ዲባባ በዚያው መም ወደ 14 ደቂቃ ከ11.15 አወረደችው። ቦታ ስትይዙ መጨረሻው ቀጥታ ጋ ያዙ፤ ባንዲራ የያዙት ወገኖች የሚሰባሰቡት እዚያ ነው።

ስንቅ? ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለጫካ የተፈጠሩ ናቸው። እነሱ በፋሲካቸው ሰሞን ብርቱካንና «ክቪክ ሉንሽ» የሚባል ቸኮሌት ይይዛሉ፤ በዓላቸው ከእኛ ቀድሞ በሁዳዴ ከዋለ ቸኮሌቱ ወተት ስላለበት ብርቱካኑን ተቀበሉ። ያቺ የስፖንጅ መቀመጫ «ሲተኡንደርላግ» ትባላለች፤ በየስፖርት ዕቃ መደብሩ በርካሽ ትገኛለች። ሁለት ግዙ።