ሞዲፋይ የተደረገ ስፖርት መኪና ለጭስ ምርመራ እንዴት ይዘጋጃል?

ሞዲፋይ የተደረገ ስፖርት መኪና በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ላይ በጭስ ምክንያት ሲወድቅ፣ ብዙ ባለቤቶች ጥፋቱን በተጨመረው ጉልበት ያሳብባሉ። ጉልበት ግን በራሱ ጭስ አያበላሽም። ከሱሉልታ እስከ ገላን ባለው የአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚነዳ መኪና ዋነኞቹ ጠላቶች ለዚህ ከፍታ ያልተስተካከለ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ እና ተነቅሎ የቀረ ካታሊስት (በጭስ መስመሩ ላይ ተገጥሞ መርዛማውን ጭስ የሚያጸዳ ዕቃ) ናቸው። ስለዚህ ዝግጅቱ የቦሎ ጊዜ ከመድረሱ ሳምንታት ቀደም ብሎ መጀመር አለበት።

ከሁሉ በፊት የጭስ መስመሩ አየር የማያስገባ መሆኑን ያረጋግጡ። ማርሚታ ሲቀየርና ቱቦ ሲበየድ የሚቀር ትንሽ ስንጥቅ ጭስ ማስወጣት ብቻ ሳይሆን፣ በሞተሩ ምት መካከል የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ስንጥቁ ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ከሆነ ሴንሰሩ ያንን አየር አይቶ «ቤንዚን አንሷል» የሚል መልእክት ይልካል፤ የሞተሩ ኮምፒዩተርም በማያስፈልግበት ቦታ ቤንዚን ይጨምራል። ይህ ሳይዘጋ ድብልቁን ለማስተካከል መሞከር ድካም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የድብልቁ ጉዳይ ነው፤ ትልቁ ሥራም እዚህ ላይ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 1013 ሄክቶፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን ወደ 770 ይወርዳል፤ ይህም ማለት ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየርን ያለ ኮምፒዩተር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው መኪና ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ቤንዚን ይበዛበታል። ኢንጄክተር (በኮምፒዩተር ትእዛዝ ቤንዚን የሚረጭ ዕቃ) ያላቸው መኪኖች በፋብሪካ ሁኔታቸው ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ነገር ግን ትልልቅ ኢንጄክተር ተገጥሞላቸው ኮምፒዩተራቸው በዝቅተኛ አገር፣ ለምሳሌ በዱባይ፣ ፕሮግራም የተደረገ ከሆነ ማስተካከያው ለእኛ አየር ላይሠራ ይችላል። እኔ እንደማምነው ጉልበት ላይ የሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ማስተካከያውን እዚሁ፣ መኪናው በሚኖርበት ከፍታ ላይ፣ እንደገና ለማሠራት መዋል አለበት።

ማስተካከያው መሳካቱን የሚነግረው በጋራዥ የሚገኝ የጭስ መለኪያ ነው። ለአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም አየር ሲደርስ ላምዳ (የአየርና የቤንዚኑን ሚዛን የሚያሳየው ቁጥር) 1.00 ይሆናል። የሚመለከትዎትን ገደብ ከምርመራ ጣቢያው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለማነጻጸር ያህል ግን የአውሮፓ ኅብረት ከ2002 ወዲህ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች የሚፈቅደው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) 0.3 በመቶ፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ሲዞር ደግሞ 0.2 በመቶ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ካለ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። እሱ ዝቅ ብሎ ሃይድሮካርቦን ብቻ ከፍ ካለ ሳይቃጠል የሚያልፍ ቤንዚን ስላለ ካንዴላውንና የእሳት መስመሩን ይመርምሩ። የእሽቅድምድም ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍት ዘንግ) የተገጠመለት ሞተር በሚኒሞ ላይ ሃይድሮካርቦን ማብዛቱ የተለመደ ነው፤ ሚኒሞውን ወደ 1,000 ዙር አካባቢ ማንሳት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ካታሊስቱ የሚመለሰው ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ያልተቃጠለ ቤንዚን አዲሱን ካታሊስት ውስጡ ገብቶ በመንደድ ያቀልጠዋል። ጭስ እንዲተነፍስ ብለው ያወጡት ባለቤቶች የፋብሪካውን ካልፈለጉ፣ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለውና ለቱርቦ መኪና የተሠራ የብረት ካታሊስት ጉልበቱን እምብዛም ሳይነካ ጭሱን ያጸዳል። የኋላውን ኦክስጅን ሴንሰር ማራዘሚያ አስገብቶ በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ማጥፋት ግን ጭሱን በምንም አይቀንስም፤ መለኪያው የሚያነበው ከማርሚታው የሚወጣውን ነው። በመንገዱ ዳር ቀኑን ሙሉ የሚውሉ ነጋዴዎችና ሕፃናትም የሚተነፍሱት እሱኑ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ያሉንን መኪኖች በጤና ማቆየት የባለቤቶቹ ኃላፊነት ሆኗል።

ከምርመራው ጥቂት ቀን በፊት ዘይትና የአየር ፊልትሮ ይቀይሩ፤ ቤንዚን የገባበት አሮጌ ዘይት በትነቱ ሃይድሮካርቦን ይጨምራል። በዕለቱም መኪናውን ቢያንስ ሃያ ደቂቃ፣ ለምሳሌ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው መንገድ፣ በመደበኛ ፍጥነት ይንዱት። ካታሊስት በሚገባ መሥራት የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በመሆኑ፣ ሰልፉ ረጅም ከሆነ ተራዎ ሊደርስ ሲል ሞተሩን አስነስተው በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ያቆዩት። መኪናው ቢወድቅ የተመዘገቡትን ቁጥሮች በወረቀት ይጠይቁና ያለ ምንም ሌላ ለውጥ ወደ መካኒክዎ ይውሰዷቸው፤ የትኛው ጋዝ በየትኛው ዙር ላይ እንደበዛ ካወቀ ጥገናውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።