በቤተሰብ ቪዲዮ ላይ የምዕራፍ ምልክት ሲጨምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ የሰርግ ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ ሦስትና አራት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ወጥ ፋይል ነው። የአያቱን ምርቃት ማየት የፈለገ ሰው አጀቡን፣ የመናፈሻውን ፎቶና የግብዣውን ሰልፍ እየዘለለ መፈለግ ስለሚኖርበት፣ ፋይሉ ተቀምጦ ይኖራል እንጂ የሚከፍተው የለም። ቻፕተር የሚባሉት የምዕራፍ ምልክቶች ይህን ችግር ያቃልላሉ፤ ምስሉን ሳይነኩ የየክፍሉን መነሻ ሰዓትና ስም በፋይሉ ውስጥ ይመዘግባሉ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ሆኖም የሚከተሉት ስህተቶች ድካሙን ከንቱ ያደርጉታል፣ አንዳንዶቹም የማይተካ ቅጂ ያበላሻሉ።

በብዛት የሚታየው ስህተት ቪዲዮው ተቆርጦና ተቀጥሎ ሳያልቅ ምልክት ማድረግ ነው። ምልክቱ የሚያውቀው ከፋይሉ መጀመሪያ የተቆጠረውን ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ መግቢያው ላይ ያለው የ40 ሰከንድ ሰማያዊ ስክሪን በኋላ ሲቆረጥ ምልክቶቹ ሁሉ በ40 ሰከንድ ይዛነፋሉ። ሁለት ካሴቶች ሲቀጠሉም የሁለተኛው ሰዓቶች ላይ የመጀመሪያው ርዝመት መደመር አለበት። ስለዚህ መገልበጥ፣ መቁረጥና መቀጠል ሲጠናቀቁ ብቻ ወደ ምልክቱ መሄድ ይገባል። ሰዓቱም መነበብ ያለበት ከማጫወቻው ላይ ነው፤ በምስሉ ጥግ ላይ ካሜራው የጻፈው ሰዓት የቀረጻውን ቀንና ሰዓት እንጂ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ቦታ አያመለክትም። ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን እያንዳንዱን ነጠላ ምስል) እየቆጠሩ ለሚያሰሉ ደግሞ፣ ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀረጸ ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲኖረው ኤንቲኤስሲ የተባለውን ሥርዓት በሚከተል ከአሜሪካ በመጣ ካሜራ የተቀረጸው 29.97 አለው፤ ይህን 30 ብሎ ያካፈለ ሰው በየሰዓቱ 3.6 ሰከንድ ያህል ይስታል።

ምልክት ለመጨመር ሲባል ቪዲዮውን በማቀናበሪያ ፕሮግራም ከፍቶ እንደገና ኤክስፖርት ማድረግ (እንደ አዲስ ፋይል ማውጣት) ከሁሉም የከፋው ጉዳት ነው። የካሴት ምስል አስቀድሞም የደበዘዘና ነጠብጣብ የበዛበት ስለሆነ፣ እንደገና በተጨመቀ ቁጥር የፊት ገጽታና የጥልፍ ዝርዝር ይጠፋል። ኤምኬቪቱልኒክስና ኤፍኤፍኤምፔግ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ምስሉንና ድምፁን እንዳለ ገልብጠው ምልክቱን ብቻ ይጨምራሉ፤ ኤፍኤፍኤምፔግን የሚጠቀም ሰው ኮደኩን (የመጭመቂያውን ዘዴ) ‹ኮፒ› እንዲል ማዘዙን ያረጋግጥ። ኤምኬቪቱልኒክስ በዋናው ፋይል ላይ በቀጥታ መጻፍም ስለሚችል፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋናው ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት።

ምልክቱን ንግግሩ በሚጀምርበት ቅጽበት ላይ በትክክል ማስቀመጥ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ያስቆርጣል። በተጨመቀ ቪዲዮ ውስጥ ሙሉ ምስል የያዙት ፍሬሞች ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት ከሌሎች ፍሬሞች የሚለዩበትን ለውጥ ብቻ ይይዛሉ። አንዳንድ ማጫወቻዎች ሲዘሉ በአቅራቢያው ወዳለው ሙሉ ፍሬም ስለሚሄዱ፣ ከተጠቆመው ቦታ ወደፊትም ወደኋላም ሊያርፉ ይችላሉ። x264 የተባለው መጭመቂያ በመነሻ ምርጫው በሁለት ሙሉ ፍሬሞች መካከል እስከ 250 ፍሬም ይፈቅዳል፤ ይህም በፓል ቪዲዮ 10 ሰከንድ ነው። ካሴቱ ገና ያልተገለበጠ ከሆነ ክፍተቱን ወደ አንድ ሰከንድ ማሳጠር፣ የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ ምልክቱን ከንግግሩ ትንሽ ቀደም አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከቴክኒኩ ሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ግን ስም አወጣጡ ነው ብዬ አምናለሁ። «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» የሚል ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም። ስሙ ቤተሰቡ ያንን ቦታ ሲያነሳ የሚጠራበት መሆን አለበት፦ «የሙሽሪት ወገን በር ይዞ ሰርገኛ ሲከለክል»፣ «የአባባ ምርቃት»፣ «ጉልበት ስሞሽ»፣ «ኬክ ቆረጣ»፣ «ምላሽ፣ በእነ እትዬ ቤት»። በየአምስት ደቂቃው ምልክት ማስቀመጥም ልክ አይደለም፤ የጭፈራው 50 ደቂቃ አንድ ምልክት ሊበቃው ይችላል፣ የሁለት ደቂቃው ምርቃት ግን የራሱ ያስፈልገዋል። በምስሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ለይቶ የሚያውቀው ታላቅ ሰው ሳለ አጠገቡ ተቀምጦ ስማቸውን መመዝገብ ይገባል፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የመጣን እንግዳ ማንነት ፕሮግራም አይነግረንም። የዘመን አቆጣጠሩንም ለይቶ አለመጻፍ ያሳስታል፤ «ጥር 1988» የሚለውን ውጭ አገር ያደገ ልጅ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሊያነበው ይችላል፣ በእርግጥ ግን ወቅቱ 1996 እ.ኤ.አ. ነው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ፈጽሞ መቅረት የለበትም።

በአማርኛ የተጻፈ ስም ወደ ጥያቄ ምልክት ወይም ወደ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሲለወጥ ብዙዎች ማጫወቻውን ይወቅሳሉ፤ መንስኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ አጻጻፉ ነው። ዝርዝሩ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደላት ሁሉ የጋራ የሆነው የኮምፒውተር አጻጻፍ) ባልሆኑት የቆዩ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ከተጻፈ፣ ፎንቱ በሌለበት ሁሉ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ይወጣል። በቆየ ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ተጽፎ ‹አንሲ› በሚለው ምርጫ ሲቀመጥ ደግሞ ፊደሎቹ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ፣ ተመልሰውም አይገኙም። በዩኒኮድ መጻፍና ሲያስቀምጡ ‹ዩቲኤፍ-8›ን መምረጥ ሁለቱንም ችግሮች ያስቀራል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዚህ አቀማመጥ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ኤምፒ4 በተባለው የፋይል ዓይነት ካሉት ሁለት የምልክት አመዘጋገቦች በአንዱ ለስም የተፈቀደው 255 ባይት ከ85 ፊደል አያልፍም፤ አጭር ስም ይመረጣል።

ማጫወቻውን ሳይፈትኑ ፋይሉን ማከፋፈልም ስህተት ነው። ከቪዲዮ ፋይል ዓይነቶች ኤቪአይ ምልክት የሚይዝበት መደበኛ ቦታ የለውም፤ ኤምኬቪ በሚገባ ይይዛል፤ በኤምፒ4 ደግሞ ሁለት የአመዘጋገብ ዓይነቶች ስላሉ አንዱን የሚያነብ መሣሪያ ሌላውን ላያነብ ይችላል። ቪኤልሲ በተባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ ላይ የታየው ዝርዝር ፍላሽ የተሰካበት ቴሌቪዥን ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ወላጆች በሚያዩበት መሣሪያ ላይ እያንዳንዱን ምልክት ነክቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ ተጨምቆ ምልክቱን ሊያጣ ይችላል። ወደ ዩቲዩብ የሚጫን ከሆነ ደግሞ ሰዓቶቹ በመግለጫው ውስጥ ይጻፋሉ፦ የመጀመሪያው 0:00 መሆን፣ ቢያንስ ሦስት መሆንና እያንዳንዱ ክፍል ከ10 ሰከንድ አለማነስ አለበት።

በመጨረሻም የሰዓቱንና የስሙን ዝርዝር በተለየ የጽሑፍ ፋይል አለማስቀመጥ አለ። ወንድም ወይም እህት ቪዲዮውን ለስልክ እንዲመች ቀይረው ምልክቶቹ ቢጠፉ፣ ይህ ዝርዝር ካለ ሥራው በደቂቃዎች ይመለሳል፤ ከሌለ ግን ሦስት ሰዓቱን እንደገና ማየት ግድ ይሆናል። ዝርዝሩ ከቪዲዮው ጋር ተመሳሳይ ስም ይዞ በአንድ ፎልደር ይቀመጥ።