ማስመሪያን ከ1 ለሚጀምሩ ልጆች

የሁለተኛ ክፍል ልጆች 7 ሴንቲሜትር የሆነውን እርሳስ ደጋግመው 8 ይሉ ነበር፤ ጫፉን የሚያሳርፉት 1 ላይ ነዋ። «ከዜሮ ጀምሩ» የሚለው ምክር ለዕለቱ ብቻ ሠራ። በሰሌዳ ላይ ትልቅ ማስመሪያ መሣልም አልረዳም። በዚያ ላይ የብዙዎቹ ፕላስቲክ ማስመሪያዎች ዜሮ ከጠርዙ ገባ ያለ ነው።

መፍትሔው ቁጥር የሌለው ማስመሪያ ሆነ። የካርቶን ቁራጭ ላይ በየ1 ሴንቲሜትሩ አሰመርኩና ክፍተቶቹን አንዱን ቀይ፣ አንዱን ነጭ ቀባሁ። የሚነበብ ቁጥር ስለሌለ መቁጠር ግድ ነው፤ የሚቆጠረውም መስመሩ ሳይሆን ክፍተቱ ነው። ቀጥሎ ጫፉ የተሰበረ ማስመሪያ ሰጠኋቸው፤ እርሳሱ ከ3 እስከ 10 ደረሰ፣ «7» አሉ።

ለግምት፣ ስንዝራቸውን በካርቶኑ ከለኩ በኋላ የዴስኩን ርዝመት ገምተው ይጽፋሉ፤ ከዚያ ይለካሉ። ላጲስ ግን እሰበስባለሁ፤ አለዚያ ሁሉም አንደኛ ገማች ነው።